«ኩርባ ላይ ሞክረን እናስረክባለን» ተብሎ ሳይሞከር ስለተመለሰ የባቡር ሞዴል የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጥገና ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ቸርችል ጎዳና፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ግራ ኩርባ ላይ እየቆመ ስላስቸገረኝ በደረሰኝ ቁጥር 0417 ለጥገና የተረከባችሁትን፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ የእንፋሎት ባቡር ሞዴል ይመለከታል

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የጉዳዩ አመጣጥ መዝገባችሁ ላይ ስላለ አልደግመውም፤ በስልክ አራት ጊዜ፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቼ ደግሞ ሦስት ጊዜ አስረድቻለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ሐሙስ ጥቅምት 13 ብቻ ነው።

ለዚያ ቀን የተገባልኝ ቃል እንዲህ የሚል ነበር፦ «በ10 ሰዓት ይምጡ፤ ከነቴንደሩ በግራ ኩርባ ላይ እያዩ ሞክረን እናስረክብዎታለን።» (ቴንደር ከሎኮሞቲቩ ኋላ የሚጎተተው የከሰልና የውሃ ጋሪ ነው።) የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛችሁ ይህንኑ በደረሰኙ ጀርባ በእጃቸው ጽፈውልኛል። ለሙከራው እንዲሆን ግማሽ ክብ የሚወጣው ሐዲድ፣ ራዲየሱ 60 ሳንቲ የሆነ፣ ከሞዴሉ ጋር አብሬ አስረክቤ ነበር። በ10 ሰዓት ተገኘሁ። 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ቴክኒሻናችሁ ሎኮሞቲቩን ብቻ ይዘው ወጡ፤ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አጋደሙት፤ ከአዳፕተር የመጡ ሁለት ገመዶችን በቀጥታ የሞተሩ እግሮች ላይ አስነኩ። ጎማዎቹ ዞሩ። «ይኸው፣ ይሠራል» አሉኝ።

ሐዲዱስ? ብዬ ጠየቅኩ። «ካርቶኑ አልተከፈተም።» ቴንደሩስ? «እሱ እኮ ተጎታች ነው፣ ሞተር የለውም።»

በትሕትና ለማስረዳት ሞከርኩ። ሞተር የለውም፣ እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ኤሌክትሪክ የሚያመጣው እሱ ነው። በዚህ ሞዴል ሎኮሞቲቩ የሚቀበለው ከቀኙ ሐዲድ ብቻ ነው፣ ቴንደሩ ከግራው። የቴንደሩ ድርሻ በማያያዣው ዘንግ በኩል አልፎ ሞተሩ ጋ ይደርሳል። ገመድ ሞተሩ ላይ አስነክቶ ጎማ ማዞር ሞተሩን መሞከር ነው እንጂ ባቡሩን መሞከር አይደለም። የተሰጠኝ መልስ፦ «ጋሼ፣ ለአንድ የልጅ መጫወቻ ልባችንን አወለቁት እኮ!» ወረፋ ይጠብቁ ከነበሩት አንዱ ሳቀ። እኔ ዝም ብዬ 6,500 ብሩን ከፍዬ ወጣሁ፤ አሁን የምቆጨው በዚህ ነው።

6,500 ብሩ የምን እንደሆነ እንነጋገር። «ሞተሩ ሾርት ስለሆነ ተቀይሯል» ይላል ደረሰኙ። ዕቃውን ሳስገባ በግማሽ ገጽ ጽፌ የሰጠኋችሁ ምልክት ግን ቀጥታ ላይ ደህና እንደሚሄድ፣ ቀኝ ኩርባ ላይም ደህና እንደሆነ፣ ግራ ኩርባ ውስጥ ሲገባ ብቻ መቆጣጠሪያው ሾርት አገኘሁ ብሎ ኤሌክትሪኩን እንደሚቆርጥ ነው። ሞተር ቀኝና ግራን አይለይም። ቴስተሩን ድምፅ ላይ አድርጋችሁ፣ አንዱን ጫፍ ሎኮሞቲቩ ላይ፣ ሌላውን ማያያዣው ዘንግ ላይ ብታስነኩ መጮኹ አይቀርም፤ ከመሐል ሞተሩ አለና። የቆመ ጤነኛ ሞተር ከ10 እስከ 30 ኦም ቢያነብ የሚያስደንቅ አይደለም፣ ብዙ ቴስተር ደግሞ ለዚያም ይጮኻል። ስለዚህ መጀመሪያ የሞተሩ አንድ ገመድ ከስታኞው ይላቀቃል፤ ከዚያ በኋላ የጮኸ እሱ ሾርት ነው። ይህ አልተደረገም። ጤነኛው ሞተር በጩኸት ተፈርዶበት ወጣ፤ የት እንደገባም አልተነገረኝም።

ትክክለኛው ጥፋት በዓይን የሚታይ ነው። ሞዴሉ ሚካዶ ነው፦ ከፊት ሁለት ትንንሽ ጎማ፣ መሐል ስምንት ትልልቅ፣ ከኋላ ሁለት። የቀኝ ጎማዎች ከሻንሲው ጋር ይገናኛሉ፤ የግራዎቹ ከአክስሉ በፕላስቲክ ተለይተዋል፣ ጠርዛቸው ግን የግራውን ሐዲድ ኤሌክትሪክ ይዟል። ባቡሩ ወደ ግራ ሲታጠፍ የፊተኛዋ ትንሽ ጋሪ ወደ ግራ ትወዛወዝና የግራ ጎማዋ የግራውን ሲሊንደር (ከጎኗ ያለውን የብረት አካል) ጀርባ ትነካለች። ሲሊንደሩ የሻንሲው አካል፣ ማለትም የቀኙ ሐዲድ ስለሆነ ሾርት ይሆናል። ወደ ቀኝ ሲታጠፍም እንዲሁ ትነካለች፤ ግን ቀኝ ከቀኝ ቢነካካ ምንም አይመጣም። በግራው ሲሊንደር ጀርባ፣ ከታችኛው ጠርዝ አጠገብ፣ የጤፍ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ አለች። ብልጭታው ያቃጠላት ናት። ጥፍር ቢያልፍባት ትሻክራለች። ሎኮሞቲቩን በጀርባው አጋድመው ሲያሳዩኝ ነጥቧ ወደ ላይ ዞራ ታየን ነበር።

ቤት ወስጄ ሐዲድ ላይ ሳስቀምጠው ደግሞ ገና ሳይንቀሳቀስ፣ ቀጥታው ላይ መቆጣጠሪያው ቆረጠ። 12 ቮልት 21 ዋት የሆነ የመኪና ፍሬቻ አምፖል በአንደኛው ገመድ ላይ በሲሪ አስገባሁ፤ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ይላል፣ ከ2 አምፒር በታች ስለሚያሳልፍም የሚቃጠል ነገር አይኖርም። (ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይርቅምና የጥገና ክፍላችሁ አንድ ቢኖረው አይጎዳውም።) ቴንደሩን ለብቻው ሐዲዱ ላይ አቆምኩት፣ አምፖሉ ቦግ አለ። አንድ ሐዲድ ብቻ መንካት ያለበት ቴንደር ለብቻው ቆሞ ማብራት አልነበረበትም። ከሥሩ ሳየው የኋላው ቦጊ (ጎማዎቹን የያዘው ጋሪ) ተፈትቶ ዞሮ ገጥሟል፤ በግራ መሆን የነበረባቸው ጎማዎች በቀኝ ሆነዋል። እሱን አዙሬ ከሎኮሞቲቩ ጋር ሳያይዘው እንደገና ቦግ አለ። ከማያያዣው ዘንግ ሥር የነበረችው የፋይበር ሮንዴላ የለችም። ያቺ ሮንዴላ ናት የቴንደሩን ኤሌክትሪክ ከሎኮሞቲቩ ሻንሲ የምትለየው። ከፕላስቲክ ቆርጬ ተካሁላትና ግራ ኩርባ ላይ ሞከርኩ፤ የጥንቱ ሾርት እንደነበረ አለ። በአንድ ሾርት የገባ ዕቃ በሦስት ወጣ ማለት ነው።

ካነሳሁት አይቀር፣ ደረሰኛችሁ ላይ «የለገሃር ባቡር መጫወቻ፣ 1» ተብሎ ተጽፏል። የለገሃሩ የድሮ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ በሞዴሌ መጠን፣ በ1፡87 ቢቀነስ 11.5 ሚሊሜትር ያህል ነው የሚሆነው። የእኔ 16.5 ነው፣ የ1.435 ሜትሩ ሐዲድ ሞዴል። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ዕቃውን ሳያይ የሚመዘግብ ሰው ማስታወሻዬንም እንዳላነበበው ገባኝ። ከሎኮሞቲቩ ጣሪያ ሁለት ብሎኖች አንዱ ጎድሏል፣ የሌላው ጭንቅላት በማይመጥነው ካቻቢቴ ተልጧል። «መብራት ጠፍቶ ነው» የተባልኩበት ቀንም ከሥራችሁ ያለው ካፌ ማሽን ቡና እያፈላ ነበር።

ስለዚህ የግራው ሲሊንደር ጀርባ በጥሩ ሞረድ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ተነስቶ በስሱ ኢፖክሲ እንዲቀባልኝ (የጥፍር ቀለም ይላጣል፣ አይሆንም)፣ ሮንዴላዋ በትክክለኛዋ እንድትተካና ቃል የተገባው ሙከራ እንዲደረግ ልጠይቅ ነበር። እስከዚህ ጽፌ ሳነበው ግን ሐሳቤን ቀየርኩ፤ ሞዴሉን እንድትነኩብኝ አልፈልግም። የምፈልገው 6,500 ብሬን፣ የራሴን ሞተር፣ የጎደለውን ብሎንና ካርቶኑ እንኳ ያልተከፈተውን ሐዲዴን ነው። አዲሱን ሞተር በዚያው ዕለት ፈትቼ እመልሳለሁ። ከዚህም ጋር ሐሙስ ዕለት በደንበኞች ፊት ስለተነገረኝ ቃል በድርጅቱ ማኅተም የተረጋገጠ የይቅርታ ደብዳቤ እጠይቃለሁ።

ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ካላገኘሁ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት አቤቱታዬን ለሚመለከተው አካል አቀርባለሁ። ከዚህ በኋላ በስልክ «ነገ ይደውሉ» የሚል መልስ እንደ መልስ አልቆጥረውም።

ከሰላምታ ጋር
የደረሰኝ ቁጥር 0417 ባለንብረት

አባሪ፦ የደረሰኙ ፊትና ጀርባ ቅጂ፣ ዞሮ የተገጠመው ቦጊና የሲሊንደሩ ጥቁር ነጥብ ፎቶ (3)

ማሳሰቢያ፦ ፎቶዎቹን ለቴክኒሻናችሁ አሳዩልኝ። በሁለተኛው ላይ ነጥቧን በቀይ እስክሪብቶ ከብቤአታለሁ።