ለደንበኞቻችን፦ «ርካሹ ማግኔት ቻርጀር የት ገባ?» ላላችሁን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን በሱቅም በቴሌግራምም የሚደርሰን ቅሬታ አንድ ነው፤ ስለ ማግኔት ቻርጀር፣ ስልኩ ጀርባ ላይ በማግኔት ተጣብቆ ያለ ገመድ ስለሚሞላው። «ርካሹን ማግኔት ቻርጀር አንስታችሁ ሦስት እጥፍ የሚሸጠውን ብቻ ደረደራችሁ። ዘረፋ ነው።» ሳንነግራችሁ ማንሳታችን ጥፋት ነው፣ ይቅርታ። «ዘረፋ» የሚለው ግን ከብዶኛል።

ክረምት ላይ አንዲት የቆየች ደንበኛችን መጥታ ስልኳን መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ገና ከምጣድ የወረደ ቂጣ ይመስል ነበር። ቻርጀሩን የሸጥኩላት እኔ ነኝ። በዚያው ማታ አንዱን ቤት ወስጄ በራሴ ስልክ ሞከርኩት። ጠዋት ስነሳ ስልኩ ከመሃል ሸርተት ብሏል፣ ባትሪው 60 ላይ ቆሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቻርጀሩ ውስጥም ስልኩ ውስጥም የተጠቀለለ ሽቦ አለ። ሁለቱ ፊት ለፊት ካልገጠሙ ኃይሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ማግኔቱ የተፈለገው እንዲገጥሙ ነው። ደካማ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ስልኩም ሲግል ራሱን ለመጠበቅ መሙላቱን ያዘገየዋል። ካርቶኑ ላይ 15 ዋት ቢጻፍም፣ የጥራት ማረጋገጫ የሌለው ማግኔት ቻርጀር ለአይፎን የሚሰጠው ባብዛኛው 7.5 ዋት ነው።

አሁን የምናመጣው «ቺ 2» (Qi2) የሚል ምልክት ያለውን ነው፤ ምልክቱ ያለ ገመድ ለሚሞሉ ቻርጀሮች የወጣውን ደረጃ ማሟላቱን ያሳያል። ለአይፎን 13 እና ከዚያ በኋላ ለወጡት፣ ማግኔት ላላቸው አይፎኖች እስከ 15 ዋት ይሰጣል። ውድ ነው፣ አልክድም። ዶላር ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ ይወሰን ሲባል ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ዕቃውን የምገዛው በገበያው የዶላር ዋጋ ነው። እኔ ይህን ሥራ መርካቶ አንድ ደረጃ ሥር፣ በአንዲት ጠረጴዛ ላይ ከቨር እየሸጥኩ ነው የጀመርኩት። ያኔ ዝናብ ሲመጣ ጠረጴዛዬን አብራችሁኝ ያነሳችሁ ዛሬም ደንበኞቼ ናችሁ። እናንተን ሸውጄ የት እደርሳለሁ?

ደግሞ ለሁሉም አንሸጥም። አይፎን 16ኢ ማግኔት የለውም። ጋላክሲ ኤስ 25ም ማግኔት ያለው ከቨር ካልለበሰ አይዝም። ሰፈራችሁ መብራት ለአንድ ሰዓት ብቻ የሚመጣ ከሆነ ገመዱን ተጠቀሙ፣ ይፈጥናል። ሶኬት ላይ የሚሰካውም ቢያንስ 20 ዋት ይሁን፤ እንዲህ ያለው ቤታችሁ ውስጥ ካለ ሌላ አትግዙ። ልባችሁ ላይ ፔስሜከር ያለባችሁ ደግሞ ስልኩንም ቻርጀሩንም ከደረታችሁ አርቁ፣ ሐኪማችሁንም ጠይቁ።

ርካሹን ከእኛ የገዛችሁ እስከ ጥቅምት 30 ድረስ ይዛችሁ ኑ። ደረሰኝ ባይኖርም የከፈላችሁትን ከአዲሱ ላይ እንቀንሳለን። ብሩን ብቻ የምትፈልጉም ትወስዳላችሁ፣ አንቀየምም። ልጆቹ ካልገባቸው እኔን አስጠሩኝ፣ ከኋላ ነኝ።

የሱቁ ባለቤት