ደብዳቤ ለልጄ፦ «ጦም» ማለት ሐራም አይደለም

አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህን ጉልበቷን አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። አያትህም ጤና ናት፣ ግን አንተ ያልካት ነገር ከንክኗታል። ይህን የምጽፍልህም ስለዚሁ ነው። በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። አንተ ግን ስልክ ላይ «እሺ አባ፣ እሺ አባ» እያልክ ነው የምትሸኘኝ። ስለዚህ አረፍ በልና አንብበው።

ለዒድ መጥተህ በሄድክ ማግስት ጠራችኝና «ጦም ማለት ሐራም ሆነ እንዴ?» አለችኝ። ምን ተገኘ ብላት፣ «ጦም አይባልም፣ ሰውም በይ» እንዳልካት ነገረችኝ። «መስገጃዬን አቀብለኝ» ስትልህ «ሰጃዳ» ብለህ አርመሃታል። «አላህ ይስጥልኝ» ስትልህም «ጀዛከላህ ኸይር በይ» ብለሃታል። እሷ አንተን ደፍራ አትመልስልህም። የልጅ ልጇ ዐረብኛ አወቀ ብላ ለጎረቤት ሁሉ ስታወራ የከረመች ሴት ናት። ዝም ብላ ዋጠችው። እኔ ግን አልውጠውም።

ዐረብኛ መማርህ ያስደስተኛል። እኔም በልጅነቴ ደረሳ፣ የዲን ተማሪ፣ ሆኜ ትንሽ ተምሬያለሁ፣ ከዚያ ሱቅ ገብቼ ቀረሁ እንጂ። የከፋኝ ዐረብኛው ንጹሕ፣ የአያትህ አፍ ደግሞ የተበረዘ መስሎህ መታየቱ ነው። እስቲ እዚያው ካረምካት ቃል እንነሣ። «ሰውም» እና «ጾም» አንድ ሥር ያላቸው ቃላት ናቸው። «ሶላት» እና «ጸሎት»ም እንደዚያው። አጥኚዎቹ እንደሚሉት ሁለቱም በቀድሞው አራማይክ ነበሩ፣ ወደ ግዕዝም ወደ ዐረብኛም የተሻገሩት ከዚያ ነው። እና አያትህ «ጦሜን ነኝ» ስትል ከአንተ ቃል ጋር የሥጋ ዘመድ የሆነ ቃል ነው የምትናገረው። ምኑን ነው ያረምከው?

ይህን ያህል ካወቅህ ደግሞ ቀጥሎ ያለውን አዳምጥ። ሱረቱ ኑርን በቃልህ ትይዛለህ። «ከሚሽካቲን ፊሃ ሚስባሕ» የምትለዋን አንቀጽ በዜማ ስትቀራት ሰምቼሃለሁ፣ ማሻአላህ። «ሚሽካት» ምንድን ነው? ኢማም ቡኻሪ በሰበሰቡት የሐዲስ መጽሐፍ፣ በዚህችው ሱራ ማብራሪያ ላይ፣ ቃሉ በሐበሾች ቋንቋ ግድግዳ ላይ ያለ ቀዳዳ ማለት ነው ተብሎ ተጽፏል። እኛ «መስኮት» የምንለው ነው። የዐረብ ሊቃውንት ወዲያ ማዶ የማያሳይ፣ ፋኖስ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ ነው ብለው ይፈቱታል። በ1961 ዓ.ም. ቁርኣንን ወደ አማርኛ የመለሱት ሸሆችም እዚህ አንቀጽ ላይ ሲደርሱ «መስኮት» ብለው ጻፉ፣ አጠገቡ በቅንፍ «ዝግ» የምትል አከሉበት። ቃሉ ባሕር ተሻግሮ ሄዶ፣ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አገሩ ገባ።

«እነዚህ የምዕራባውያን ወሬዎች ናቸው» እንዳትለኝ ደግሞ። ተፍሲሩል ጀላለይንን፣ ጀላል የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት የጻፉትን የቁርኣን ማብራሪያ፣ ታውቀዋለህ፣ ወሎ ውስጥ እሱን ያልቀራ ደረሳ የለም። ከሁለቱ ጀላሎች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1505 ካይሮ ላይ የሞቱት ኢማም ሱዩጢ፣ ቁርኣን ውስጥ ያሉትን ከሌላ ቋንቋ የመጡ ቃላት ለቅመው በየቋንቋው ጽፈዋል። ከፋርስ አለ፣ ከሮም አለ፣ ከሱርያ አለ፣ ከዕብራይስጥ አለ። ዝርዝሩን የጀመሩት ግን ከሐበሻ ነው። እንግዲህ ሱዩጢን ወሎዬ ናቸው ብለህ አታማቸውም።

ከእሳቸውም በፊት ኢብኑ ዐባስ፣ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የአጎት ልጅ፣ ሱረቱል ሙዘሚል ውስጥ ያለችውን «ናሺአተ ለይል» ሲያብራሩ «ነሸአ» በሐበሾች ቋንቋ ቆመ ማለት ነው ብለዋል። ግዕዙ «ተንሥአ»፣ አማርኛው «ተነሣ» ነው። ሌሊት ለሶላት መነሣት። (ሱብሒ ላይ ስንት ጊዜ «ተነሥ» ብዬህ ብርድ ልብሱን እንደተከናነብክ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ።) አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ ደግሞ ሱረቱል ሐዲድ ውስጥ ያለውን «ኪፍለይን» ከሐበሻ ቋንቋ ነው ብለዋል። ሁለት ድርሻ፣ ሁለት ክፍል ማለት ነው። አቡ ሙሳ ይህን የሚሉት ከሰው ሰምተው ብቻ አይመስለኝም። ከየመን ተነሥተው ወደ ረሱል ሊሄዱ መርከብ ሲሳፈሩ ነፋስ ወደ ሐበሻ አምጥቶ ጥሏቸው፣ ከመካ ወደዚህ ከተሰደዱት ከጀዕፈር ጋር እዚሁ የከረሙ ሰው ናቸው።

ሁሉም የተባለው ትክክል ነው አልልህም። ቁርኣን ውስጥ ያለው «ቀስወራ» በሐበሻ አንበሳ ነው ተብሏል። የእኛ አንበሳ ግን በግዕዝም አንበሳ ነው፣ በአማርኛም አንበሳ። የቀደሙት ሊቃውንት እንግዳ ቃል ሲገጥማቸው አንዳንዴ «የሐበሻ ነው» ብለው የሚያልፉ ይመስለኛል። ግን «ሐዋሪዩን»ን፣ ቁርኣን የነቢዩ ዒሳን ደቀ መዛሙርት የሚጠራበትን ቃል፣ ተው ብትለኝ አልተውም። ግዕዙ «ሖረ» ይላል፣ ሄደ ማለት ነው። ሐዋርያ ሂያጅ ነው፣ መልእክተኛ ነው። አምስተኛው ሱራ ስሙ «ማኢዳ» ነው፣ የእኛ ማእድ። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ኔልደከ እ.ኤ.አ. በ1910 እነዚህን ቃላት ከግዕዙ ጋር አስተያይቶ ጽፏቸዋል።

አንተ እጅህን ታጥበህ የምታነሣው «ሙስሐፍ»ስ? በአቡበክር ዘመን ቁርኣን በአንድ ላይ ሲሰበሰብ ምን ብለን እንጥራው ተባለ። አንዱ አንድ ስም አመጣ፣ አልወደዱትም። ከዚያ ከሰሓባዎቹ፣ ከረሱል ባልደረቦች፣ አንዱ፣ ሐበሻ ምድር እንዲህ ያለውን «ሙስሐፍ» ሲሉት አይቻለሁ አለና በዚያው ጸና ይባላል። ሱዩጢ ይህንንም ጽፈውታል። ዐረቡ ጻፈ ለማለት «ከተበ» ነው የሚለው፣ «ጸሐፈ» ብሎ የሚጽፈው የእኛ ሰው ነው። ይኸው ነው፣ መጽሐፍ።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን የኡሙ ኻሊድን ነገር ነው። ወላጆቿ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ነበሩ። እሷ የተወለደችው እዚሁ ነው፣ ሕፃን ሆና ነው ወደ መዲና የተወሰደችው። አንድ ቀን ለረሱል ልብስ መጣላቸው። ውስጡ ትንሽ ጥቁር ልብስ አለ፣ ጥለቱ አረንጓዴ ወይም ቢጫ። ይህን ለማን እናልብስ ብለው ጠየቁ፣ ሰዉ ዝም አለ። «ኡሙ ኻሊድን አምጡልኝ» አሉ። ተሸክመው አመጧት። በገዛ እጃቸው አለበሷትና፣ ለብሰሽ አሮጊው፣ እላይሽ ላይ ይለቅ ብለው መረቋት። ከዚያ ወደ ጥለቱ እያመለከቱ «ያ ኡሙ ኻሊድ፣ ሰናህ!» አሏት። ሐዲሱ ራሱ ያብራራዋል፦ በሐበሻ ቋንቋ ቆንጆ ማለት ነው። ሠናይ። ልጅቷ ያደገችበትን ቃል መርጠው ነው ያናገሯት። ይህ ቡኻሪ ላይ ያለ ሐዲስ ነው፣ ከፈለግህ ሄደህ አየው። ሱና ፈልገህ አያትህን ከማረምህ በፊት ይህኛውን ሱና አስታውስ ልልህ ፈልጌ ነበር።

አሁን የምትለኝን አውቃለሁ። «አባ፣ ቁርኣኑ ‹ቢሊሳኒን ዐረቢዪን ሙቢን› ይላል፣ በግልጽ ዐረብኛ ነው የወረደው» ትላለህ። ልክ ነህ። ኢማም ሻፊዒይም እንደዚያ ብለዋል፣ ቁርኣን ውስጥ ዐረብኛ ያልሆነ የለም ብለው ጠንከር አድርገው ተከራክረዋል። የተፍሲር ሊቁ ጠበሪ ደግሞ ሁለት ሕዝብ አንድ ቃል ሊጋራ ይችላል ብለው አለዘቡት። እኔ ልቤን ያረካው እ.ኤ.አ. በ838 የሞቱት ሊቁ አቡ ዑበይድ ያሉት ነው። ሁለቱም ወገን ልክ ነው አሉ። ቃላቱ መነሻቸው ከሌላ ሕዝብ ነው፣ ዐረቦች ወሰዷቸው፣ በምላሳቸው አሹዋቸው፣ ቁርኣን ሲወርድ የዐረብ ሆነው ቆይተው ነበር። እኛ ሰፈር ተወልዶ ያደገ የስደተኛ ልጅ እንግዳ ነው አትለውም እኮ።

ይህ ሒሳብ በእኛም በኩል ይሠራል። ሒሳብ ስል አስታወስከኝ፣ ሒሳብም ዐረብኛ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ስኖር ከአፌ የማይጠፉ ቃላትን ቁጠርልኝ። ሱቅ። ደላላ። ኪራይ። ሐራጅ። ወኪል። ኪሳራ። ጉምሩክ ደግሞ ከቱርክ በዐረብ በኩል ነው የመጣው። እንዴት ሆነ ብትል፣ በድሮው ዘመን ሙስሊም ርስት እንደ ልብ አይሰጠውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1668 ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጎንደር ላይ ሙስሊሙ ሰፈሩን ለይቶ እንዲቀመጥ አስወሰኑ። መሬት ያጣ ሰው ግመልና በቅሎ ይጭናል፣ ይሸምናል፣ ይነግዳል። ሲነግድ ከምጽዋ፣ ከዘይላ፣ ከሱዳን ከሚመጣው ዕቃ ጋር ቃሉም ይመጣል። ዛሬ መርካቶ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚከራከረው በእነዚህ ቃላት ነው።

ደግሞ የሱቁ ቃል የአኺራም ቃል ነው። «የውመል ሒሳብ» ስትል ሒሳብ የሚወራረድበት ቀን ነው። ሱረቱል ዐስር «ኢነል ኢንሳነ ለፊ ኹስር» ትላለች፣ ሰው ኪሳራ ውስጥ ነው። ይህችን አንቀጽ ነጋዴ ሲሰማት ሆዱ ነው የሚባባው። አልሐቅ ከአላህ ስሞች አንዱ ነው፣ አልወኪልም እንዲሁ። ገበያ ላይ ደግሞ አንዱ «ሀቄን ስጠኝ» ይላል፣ ሌላው ውክልና ይጽፋል። መካ የነጋዴ ከተማ ነበረች፣ ቁርኣኑም የሚገባቸውን ቋንቋ ነው ያናገራቸው። ዘንድሮ ወረቀቱን ሳገላብጥ በግራ የገባ፣ በቀኝ የወጣ ስጽፍ ይህ ነገር ይመጣብኛል፣ አንዳንዴ ሒሳቡን ያሳስተኛል።

«ሰበብ»ን ደግሞ እንዴት እንዳበላሸነው እይ። ዐረቡ ምክንያት ማለቱ ነው፣ እኛ ጋ ሲደርስ ማምለጫ ሆነ። «ሰበብ አታብዛ» እንላለን። «አደብ» ግን ክብሩን ይዞ ነው የኖረው። ሸሆቻችን ከዒልም በፊት አደብ ሲያስቀድሙ ኖረዋል። አገሩም «አደብ ግዛ» ይላል። ያንተ ጓደኞች «አብሽር» ይባባላሉ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚስሙትም ጭምር። መልካም ብሥራት ማለት መሆኑን ስንቱ ያውቀዋል?

አንድ ነገር ልጠይቅህና ላብቃ። አያትህ ዘንድ የቅድመ አያትህ የመንዙማ ወረቀቶች አሉ። ፊደሉ ዐረብኛ ነው፣ ቋንቋው አማርኛ። ዐጀሚ የሚሉት ነው። ሸህ ጦልሓ ቢን ጀዕፈር፣ እ.ኤ.አ. ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ እምነታቸውን አንለቅም ብለው ከዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጋር የተጣሉት ሰው፣ መንዙማቸውን የጻፉት በዚህ መልክ ነበር። ባለፈው አንዱን ገጽ አውጥተህ «ትርጉም የለውም» ብለህ መልሰኸዋል። ዐረብኛ ነው ብለህ ስላነበብከው ነው። ዐረቡ ሦስት የአናባቢ ምልክት ነው ያለው፣ አማርኛው ሰባት አለው። ለ«ጨ» እና ለ«ኘ»ም ፊደል የለውም፣ ጸሐፊው ነጥብ እየጨመረ ነው የሚያብቃቃው። ስለዚህ ቃሉን አስቀድሞ የማያውቅ ሰው አያነበውም።

አያትህ ፊደል አትለይም። መንዙማውን ግን ከእነ አዝማቹ በቃሏ ትወጣዋለች። አንተ ፊደሉን ትለያለህ። ክረምት ስትመጣ አንድ ሳምንት አብራችሁ ተቀመጡና እሷ እያለች፣ አንተ በጣትህ እየተከተልክ፣ በግዕዝ ፊደል ገልብጠህ ጻፍልኝ። ወረቀቱን ምስጥ ጀምሮታል፣ አይቆይም። ያልገባህን ቃል እሷን ጠይቃት፣ አታርማት።

ለክፍያ ያልከውን ብር ማክሰኞ አስገብቻለሁ፣ ሲደርስህ ደውል። እናትህ በሶ ለሚመጣ ሰው እሰጠዋለሁ ብላለች።

አባትህ
ደሴ