የአሜሪካ ፉትቦል ለቡና ይመቻል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የአሜሪካ ፉትቦልን «ቆሞ የሚውል ጨዋታ» ማለታችሁ እውነት አለው። የጨዋታው ሰዓት 60 ደቂቃ ነው፤ ስርጭቱ ግን 3 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ኳሷ የምትንቀሳቀስበት 20 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ቀሪው ምክክር፣ ድጋሚ ምስልና የቢራ ማስታወቂያ ነው።

ለቤት ተመልካች ግን ይመቻል ባይ ነኝ። እሁድ ከልጄ ጋር ሳይ በየመሃሉ ቡናዬን እቆላለሁ፣ እወቅጣለሁ፤ ምንም አያመልጠኝም። «እማዬ፣ ሦስተኛ ሙከራ ነው፣ 2 ያርድ ቀራቸው!» ሲለኝ ብቻ ሙቀጫውን ትቼ ብቅ እላለሁ፤ በአራት ሙከራ 10 ያርድ ካልገፉ ኳሷን ያጣሏታልና። የእኛን ኳስ እያያችሁ እስቲ ጀበና አውርዱ! ጎል መግባቱን ከጓዳ ሆናችሁ በጩኸት ነው የምትሰሙት። 45 ደቂቃ ሙሉ ማስታወቂያ የለ፣ እረፍት የለ። ልብ ያደርቃል። አርሴናል ሲጫወትማ ቡናው ቀድሞ መፍላት አለበት።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ