ቀብድ ከመያዙ በፊት የሚጻፍ ወረቀት ያስፈልገናል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በከተማችን በባሕር ዳር የመጀመሪያ ቤታቸውን ለመግዛት የተነሡ ሰዎች ዋጋ የሚያቀርቡበትና ቀብድ የሚያስይዙበት ልማድ ብዙዎችን ለጉዳት የሚያጋልጥ ስለሆነ፣ ጉዳዩ በጋዜጣችሁ ላይ ውይይት እንዲደረግበት በማሰብ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። እኔ መምህርት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር በዕቁብና በመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር ያጠራቀምነውን ገንዘብ ይዘን ቤት መፈለግ ከጀመርን ወዲህ በሽምብጥ፣ በቀበሌ 14 እና በዓባይ ማዶ ቤቶችን አይተናል፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከተመረቀ በኋላ በዓባይ ማዶ በኩል ያነጋገርናቸው ሻጮች ሁሉ ድልድዩን ከዋጋው ጋር እንደሚደምሩትም ታዝበናል። የዋጋው ውድነት ራሱን የቻለ ርእስ ነው። እኔ የማነሣው ግን ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚሆነውን ነው።

ቤቱ ታይቶ ከተወደደ ደላላው «ሌላ ገዢ እየደወለ ነው፤ እስከ ማታ ቀብድ ካላስያዛችሁ ቤቱ ያመልጣችኋል» ይላል። ከዚህ በፊት ቤት ገዝቶ የማያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ መጠየቅ የሚገባውን ሳይጠይቅ ገንዘብ ለማውጣት ወደ ባንክ ይሮጣል። በዚያች ምሽት የሚፈረመው ወረቀት ምን እንደሚመስል ለአንባቢ ለማሳየት ለእኛ የቀረበልንን ልግለጽ። ከደብተር የተገነጠለ ባለመስመር ወረቀት ነው። የሻጩ ስም፣ የእኛ ስም፣ የቤቱ ዋጋና የቀብዱ መጠን በአኃዝና በፊደል ተጽፈዋል። ከሥሩ «ውሉን ያፈረሰ ወገን ገደብ ይከፍላል፤ ይህ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ምስክሮቹ ሁለቱ ደላሎች ናቸው። የሻጩ ሚስት ፊርማ የለበትም፤ የካርታው ቁጥር አልተጠቀሰም፤ ስሙ የሚዛወርበት ቀን አልተወሰነም። እኛ አልፈረምንም፤ ቤቱንም በዚያው ሳምንት ሌላ ሰው ቀብድ አስያዘበት።

በየቀብድ ወረቀቱ ላይ የሚጠቀሱት እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በ1952 ዓ.ም. ከወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የተወሰዱ ናቸው፤ ትክክለኛ ድንጋጌዎችም ናቸው። ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይጸናል ይላል፤ ቁጥር 2005 ደግሞ በጽሑፍ የሰፈረው ነገር በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ እንደሚሆን ይደነግጋል። ነገር ግን ቤት የሚሸጥ የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ቁጥር 1723 በነዚህ ወረቀቶች ላይ ሲጠቀስ አላየሁም። ይህ ድንጋጌ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት ያዝዛል፤ ሕጉ የሚጠይቀው ፎርም ካልተሟላ ደግሞ በቁጥር 1720 መሠረት የተፈረመው ነገር እንደ ረቂቅ እንጂ እንደ ውል አይቆጠርም። እንግዲህ በሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተፈረመው ወረቀት «የጸና ነው» ስለተባለ ብቻ አይጸናም ማለት ነው።

ብዙ ገዢዎች የሚተማመኑት ቀብድ በሚባለው ነገር ላይ ነው። በሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለውም ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ይህ በሕዝቡ ዘንድ በሚገባ የታወቀ ነው፤ «ሻጩ ቢከዳኝ እጥፍ አገኛለሁ» የሚል ሰው ስንቱን ሰምቻለሁ። ይሁን እንጂ የሽያጩ ውል ራሱ በአዋዋይ ፊት ካልተደረገ ሻጩ «ውል አልነበረንም» ብሎ የመከራከሪያ በር ይከፈትለታል፤ ክርክሩ ከተሳካለትም ገዢው የሚደርሰው የከፈለው ገንዘብ ብቻ ነው፤ እሱም በፍርድ ቤት ከተመላለሰ በኋላ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገና ከተዳከመ ወዲህ፣ ቀብድ ከተቀበሉ በኋላ የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ሲንር አይተው ሐሳባቸውን የሚለውጡ ሻጮች መኖራቸውን ከባልደረቦቼ ሰምቻለሁ። በዓመቱ የሚመለስ ያው ገንዘብ ያኔ ሊገዛ ከነበረው ቤት ስንት ክፍል እንደሚጎድልበት ማስላት አያስቸግርም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ልማድም አለ፤ ስለ እሱ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። በአዋጅ ቁጥር 110/1990 የተወሰነውን የ2 በመቶ የቴምብር ቀረጥና በሻጩ በኩል የሚመጣውን ግብር ለመቀነስ ሲባል በውሉ ላይ ከእውነተኛው ዋጋ ያነሰ ቁጥር እንዲጻፍ ይጠየቃል። ይህ መንግሥትን ማታለል ስለሆነ ብቻውን በቂ የእምቢታ ምክንያት ነው። ለገዢው ደግሞ ተጨማሪ አደጋ አለበት፦ ነገሩ ቢበላሽና ገንዘቡ ይመለስ ቢባል፣ ያ በየወረቀቱ የሚጠቀሰው ቁጥር 2005 ያኔ የሚሠራው በገዢው ላይ ነው፤ የተጻፈው ዝቅተኛው ዋጋ ማስረጃ ሆኖ ይቆምበታል፤ በእጅ የተሰጠው ልዩነት ግን ምስክር የለውም።

የመጀመሪያ ቤት የሚገዛ ሰው ዋጋ ከማቅረቡ በፊት ምን ማየት አለበት? በእኔ እምነት ከሁሉ የሚቀድመው የእዳና እገዳ ጉዳይ ነው። ቤቱ በባንክ ተይዞ እንደሆነ፣ በፍርድ ቤት ታግዶ እንደሆነ፣ የሊዝ ክፍያ ውዝፍ እንዳለበት የሚያውቀው የይዞታውን ማኅደር የያዘው መሥሪያ ቤት ነው። ሻጩ አብሮ ሄዶ መረጃው እንዲሰጥ ከፈቀደ ነገሩ ያልቃል፤ አብሮ ለመሄድ የማይፈቅድ ሻጭ ካለ ያ ራሱ መልስ ነው። ቀጥሎ የሚሸጠው ሰው ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ከሆነ የሁለቱም ስምምነት ግድ ነው፤ አንዱ ሳይስማማ የተደረገ ሽያጭ በሌላው ጠያቂነት በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል። የውርስ ቤት ከሆነ ሁሉም ወራሾች፣ በውክልና የሚሸጥ ከሆነም ውክልናው ቤት ለመሸጥ በግልጽ የተሰጠ ልዩ ሥልጣን መሆኑ መረጋገጥ ይኖርበታል፤ «ንብረቴን እንዲያስተዳድር» የሚል ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። በከተማው ዳርቻ ከገበሬ ላይ ተገዝቶ የተሠራ፣ ካርታ የሌለውን ቤት በተመለከተ ብዙ አልልም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ የተደነገገ ስለሆነ የመጀመሪያ ገዢ ሊቀርበው አይገባም።

ቤቱን ራሱን በማየት በኩል የባሕር ዳር ነገር ከሌላው ከተማ ይለያል። በብዙ ሰፈሮች መሬቱ መረሬ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በጥር የታየ ቤት ግድግዳው ገና በቀለም ከተቀባ የበሩን ማዕዘንና የወለሉን ዳር ቀረብ ብሎ መመርመር ያሻል። ወደ ሐይቁ በተጠጉት ሰፈሮች ደግሞ ጣና የሚሞላው ክረምቱ ካበቃ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ስለሆነ፣ በእነዚህ ወራት ግቢውን ማየት ከማንም ምስክርነት ይበልጣል። ባየነው አንድ ቤት ውስጥ ቁም ሳጥኑን ፈቀቅ ስናደርገው ከኋላው ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ እርጥበት የሠራው ቡናማ መስመር ግድግዳውን ዙሮት ነበር። ሻጩ ሰው አክባሪ ነበሩና አልካዱም፤ ውኃው በየዓመቱ እንደሚመጣ ነገሩን። እንዲህ ያለው ነገር የሚታየው ዋጋ ከመቆረጡ በፊት ሲሆን ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

በባንክ ብድር የሚገዛ ሰው ችግር ከዚህም የከፋ ነው። ባንኩ የሚያበድረው በራሱ መሐንዲስ ግምት ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ግምቱ ሻጩ ከሚጠይቀው ዋጋ በታች ሲሆን ልዩነቱን ገዢው ከኪሱ መሙላት አለበት። ግምቱ ሳይታወቅ ቀብድ ያስያዘ ሰው ብድሩ ቢያንስበት ወይም ቢከለከል ውሉን የተወው እሱ ስለሚባል ቀብዱን ሊያጣ ይችላል። «ብድሩ ካልተፈቀደ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ወረቀቱ ላይ መጨመር ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ ሻጮች ግን ልማዱ ስላልሆነ ይጠራጠሩታል።

ደላሎችን ለመውቀስ አልጻፍኩም። እነሱም ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ናቸው፤ ያለ እነሱ የሚሸጠውን ቤት ማወቅም ይቸግራል። ይሁን እንጂ ኮሚሽናቸው ቀብድ በተያዘበት ሰዓት የሚከፈል እስከሆነ ድረስ ጥድፊያው አይቀርም። ክፍያቸው ውሉ በአዋዋይ ፊት በተፈረመ ጊዜ ቢሆን ማኅደሩ ቀድሞ እንዲታይ እነሱ ራሳቸው ይተጉ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የከተማው አስተዳደር፣ ሻጭና ገዢ አብረው ሲቀርቡ የእዳና እገዳ መረጃ በጽሑፍ በአጭር ጊዜ የሚያገኙበትን አሠራር በየክፍለ ከተማው ቢያመቻች የ«እስከ ማታ» ግፊት ኃይል ያጣል። እናንተ ደግሞ የሕግ ባለሙያ አማክራችሁ፣ ማንም ገዢ ሊገለብጠው የሚችል የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት ናሙና በጋዜጣችሁ ብታትሙ ትልቅ ውለታ ይሆናል። በናሙናው ላይ የካርታው ቁጥርና የቦታው ስፋት፣ እውነተኛው ዋጋ፣ የሁለቱም የትዳር ጓደኛሞች ፊርማ፣ እዳና እገዳ ከተገኘ ወይም ብድር ከተከለከለ ገንዘቡ እንደሚመለስ፣ የቴምብር ቀረጡን፣ የሻጩን ግብርና የመብራትና የውኃ ውዝፉን ማን እንደሚከፍል፣ ተከራይ ካለ መቼ እንደሚወጣ፣ እንዲሁም ውሉ በአዋዋይ ፊት የሚፈረምበት ቀን መኖር አለባቸው። እኔና ባለቤቴ ለራሳችን ያዘጋጀነውን ረቂቅ ለመነሻ ያህል ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር