«ተዉት» ላላችሁን ሁሉ፦ ከባሕር ዳር የቀረበ ምስጋና

ለባሕር ዳር መካኒኮች፣ ጎሚስታዎች፣ በያጆች፣ መለዋወጫ ሻጮች፣ እንዲሁም ሞተር ሳይክላችሁን በር ከፍታችሁ ላሳያችሁን ባለንብረቶች፦

ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ሞተር ለመመለስ ብለን ያገለገለ መካከለኛ ክሩዘር (መቀመጫው ዝቅ ያለ፣ ረጅምና ከባድ ሞተር ሳይክል) ስናፈላልግ የቆየነው ሁሉ ፍለጋችን በሰላም አልቋል። ሰው አልተጎዳም፤ ገንዘብም በማይነሳ ብረት ላይ አልፈሰሰም። ለዚህ ያበቁን «ግዙ» ያሉን ሳይሆኑ «ተዉት» ያሉን ሰዎች ናቸው። ሻጩ ጎረቤታችሁ ሆኖ፣ ኮሚሽኑም ቀርቶባችሁ፣ እውነቱን ስለነገራችሁን እግዚአብሔር ይስጥልን። የነገራችሁን ለሚቀጥለው ገዢም እንዲደርስ ከምስጋናው ጋር እናሰፍረዋለን።

የመጀመሪያው «ተዉት» ስለ ክብደት ነበር፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመንም እሱ ነው። ከተማችን የለመደቻቸው ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉ ሞተሮች ከ110 እስከ 140 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። ክሩዘር ሌላ ነገር ነው። 471 ሲሲ የሆነው ሆንዳ ሬብል 500 ወደ 190 ኪሎ ነው። 649 ሲሲው ያማሃ ቪ ስታር 650፣ በሌላ ገበያ ድራግ ስታር የሚባለው፣ ቤንዚን ሲሞላ 230 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። ካዋሳኪ ቩልካን 900 ደግሞ ከ275 ኪሎ ያልፋል። መቀመጫቸው ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ ለምሳሌ የሬብሉ 69 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ እግር በሙሉ መሬት ይረግጣልና ክብደቱ መጀመሪያ ላይ አይታወቅም። የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ ከቆመበት ወደ ኋላ ልጎትተው ሲሉ ነው።

ስለዚህ ያስተማራችሁን ፈተና ሞተሩ ሳይነሳ የሚደረግ ነው። ከጎን መቆሚያው ላይ ቀጥ ያድርጉት። ከላዩ ሳይወጡ አሥር እርምጃ ወደ ፊት፣ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ይግፉት። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፈው ይድገሙት። ላብ ካጠመቀዎት ወይም ጉልበትዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ያ ሞተር የርስዎ አይደለም፤ ቢያምርም ይተዉት። ከረጅም ዕረፍት ለሚመለስ ሰው ከ400 እስከ 650 ሲሲ ያለው ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ለፍጥነት ብዙም አይጨምርም፣ ለክብደት ግን ይጨምራል። የሆዱንም ከፍታ ማየት ይገባል፤ ብዙዎቹ ክሩዘሮች ከመሬት የሚርቁት 15 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ የሰፈራችን ጉብታዎች ማርሚታውን ይገጩታል። ከሥሩ በርከክ ብሎ የተፋቀና የተጨረማመተ ቦታ መፈለግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ባለንብረቶችን በተለይ የምናመሰግነው ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ እንድናገኘው ስለጠበቃችሁን ነው። ገዢ ሲደርስ ሲሊንደሩን በእጁ ይንካ። ትኩስ ከሆነ ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው፤ ትልቁም ምስክር ጠፍቷል። ማመካኛ አያስፈልግም፣ «ነገ ጠዋት እመለሳለሁ» ማለት በቂ ነው። ቀዝቃዛው ሲነሳ ዓይን ማርሚታው ላይ፣ ጆሮ ሞተሩ ላይ ይሁን። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው። ሲነሳ ብቻ ታይቶ ከጠፋ የቫልቭ ጎማው አርጅቷል፤ ጋዝ በተሰጠ ቁጥር ከመጣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ይህ ደግሞ ሞተር መክፈት ነው። ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ከታየ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሲሊንደር ክዳኑ ማሸጊያ) ውኃ እያሳለፈ ነው። ጠዋት ብርድ ላይ ለጥቂት ደቂቃ የሚታየው ቀጭን ነጭ ጭስ ግን እርጥበት ነውና አያስደንግጥ።

ጥቁሩ ጭስ እኛ ከተማ ላይ የራሱ ምክንያት አለው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ለቆላ ወደብ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑን እንደዚያው እየሰጠ አየሩ ያጥረዋል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ሲሠራ ይንገዳገዳል። ካርቡሬተር የምትሠሩት ወንድሞቻችን ካንዴላ ነቅላችሁ ቀለሙን ያሳያችሁን ለዚህ ነው፦ የቡና ወተት መሳይ ከሆነ ደህና፣ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን የበዛበት፣ እርጥብና ቅባታም ጥቁር ከሆነ ዘይት የገባበት። ደረቁ ጥቁር ከአየር ፊልትሮ መዘጋት ወይም ከማይመለስ ቾክም ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ፊልትሮው ይታይ፣ ከዚያ ጄቱ (የካርቡሬተሩ የቤንዚን ቀዳዳ) አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ይቀነስ። ሬብል 500ን በመሰሉ ኢንጀክሽን ሞተሮች ላይ ሴንሰሩ ራሱ ያስተካክለዋል። በካርቡሬተር የሚሠራ ግን መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ እዚሁ በእጃችሁ የሚፈታና የሚገጠም በመሆኑ ለእኛ አገር የተሻለ እንደሆነ እናምናለን።

የሐይቁ ዳር አየርና የቤንዚን ወረፋ ያመጡት ችግር ደግሞ ታንከሩ ውስጥ ነው። ግማሽ ቤንዚን ይዞ ክረምቱን የቆመ ታንከር ከላይኛው ባዶ ክፍል እርጥበት ይሰበስባል፣ ይዝጋል። በስልክ መብራት ውስጡን ማየት አይከብድም፤ ቀይ ዱቄት ካለ ታንከሩ ብቻ ሳይሆን ካርቡሬተሩም ተበክሏል። በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ ቤንዚን ውኃ ሊኖረው ይችላል። ይህን ለማወቅ ያሳያችሁን ዘዴ ቀላል ነው። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ፈታ አድርጎ ወደ ብርጭቆ ማንጠብጠብ፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ። ውኃው ከታች እንደ ዶቃ ተለይቶ ይቀመጣል። የሚነሳና የሚጠፋ ሞተር ብዙ ጊዜ በሽታው ይኼው ነው።

የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ሆይ፣ ሜትራችሁን ሳትሰስቱ ስላዋሳችሁን እናመሰግናለን። ያረፈና የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ተነስቶ ጋዝ ከፍ ሲል ንባቡ ከ13.8 እስከ 14.5 መድረስ አለበት። ከ13 በታች ከቀረ ዲናሞው ወይም ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር አይሠራም፤ ከ15 በላይ ከወጣ ሬጉሌተሩ ተበላሽቶ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። «ባትሪው ብቻ ነው» የሚለው ሻጭ ብዙ ጊዜ ዋሽቶ አይደለም፣ ራሱም አያውቅም። አዲስ ባትሪ የገባበት፣ ግን የማይሞላ ሞተር በሁለት ሳምንት እንደገና ይቆማል። ከሬጉሌተሩ የሚወጣውን ሶኬት ነቅሎ ማየትም አለ፤ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ከቀለጠ መልሱ ተገኘ። የቆዩትን የያማሃ ቪራጎዎች ሲያስነሱ ከሞተሪኖው (ከማስነሻው) በኩል ጥርስ የማፋጨት ድምፅ ከተሰማ ችግሩ የማስነሻው ጥርስና ክላች ነው፤ ዋጋ ሲነጋገሩ መቆጠር አለበት።

አሁን ወደ ጎሚስታዎቹ። እናንተ ባትኖሩ ቢያንስ ሦስት ሞተር በስሕተት ይገዛ ነበር። ጎማው ጎን ላይ የምትታየውን የአራት አሐዝ ቁጥር ያሳያችሁን እናንተ ናችሁ፦ 2318 ማለት እ.ኤ.አ. በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ስድስትና ሰባት ዓመት ያለፈው ጎማ ደርቋል፤ እርጥብ አስፋልት ላይ አይዝም። ከዚህ የባሰው መጠኑ ነው። ብዙ መካከለኛ ክሩዘሮች ከኋላ 170/80-15 ያደርጋሉ፤ ቪ ስታር 650ም፣ ሆንዳ ሻዶ 600ም፣ ሱዙኪ ቡልቫርድ ሲ 50ም። ይህ ለከተማችን ሞተሮች የሚመጣው መጠን ስላልሆነ፣ ጎማው የሚገኝበት ቦታና ዋጋው ሳይታወቅ ቀብድ መስጠት አይገባም። በምትኩ የመኪና ጎማ እንዳንገጥም የከለከላችሁንም አንረሳም። የመኪና ጎማ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ሞተር ደግሞ የሚታጠፈው ጋደል ብሎ ነው። ጋደል ሲል በጠርዙ ብቻ ይቆማል፣ መሪውም ይገፋል።

የሽቦ ቸርኬ ያለውን በትንሽ ቁልፍ ሽቦ በሽቦ መታ መታ ማድረግ፦ የጠበቀው እንደ ክራር ጅማት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የላላው ድምፁ ይሞታል። እንዲህ ያለው ቸርኬ በአብዛኛው ከላማዳሪያ (የውስጥ ጎማ) ይፈልጋል። መንገድ ላይ ሲተነፍስ እንደ ቲዩብለሱ በመርፌ ተጠቅጥቆ አይታለፍም፣ ጎማው መውለቅ አለበት። የመለዋወጫውን ነገር የሚያከብደው ሌላው ጉዳይ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ማስተላለፊያ ነው። ቪራጎ 535 እና ቪ ስታር 650 በሻፍት (በሚሽከረከር የብረት ዘንግ) ይሄዳሉ፤ ካቴና የለም፣ ዘይቱን መቀየር ብቻ ነው። ሱዙኪ ሳቬጅ 650 በቺንጋ ነው፤ ንጹሕና ጸጥተኛ ቢሆንም ከተቆረጠ እዚህ የሚተካ አይገኝም። ባለ ካቴናው ጥርሱ እንደ ሻርክ ክንፍ ከሾለ ካቴናና የፊትና የኋላ ጥርሶቹ አንድ ላይ ይቀየራሉ፤ ካቴናውን ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

በያጆች፣ «እኔ በይጄዋለሁ፣ አትግዙት» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን። ሻንሲው ላይ ከመሪው አንገት አጠገብ ያለ የብየዳ ምልክት፣ ወይም አዲስ ቀለም እዚያች ቦታ ላይ ብቻ መኖሩ፣ የግጭት ምስክር ነው። ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ከኋላ ሦስት ሜትር ርቆ ቁጢጥ ማለትና ሁለቱ ጎማ በአንድ መስመር መሆኑን ማየት። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስቶ መሪውን በቀስታ ማዞር፤ መሐል ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ብሎ ከያዘ የአንገቱ ኩሽኔታ ተበልቷል። ኩሽኔታው በቁጥሩ ከገበያ ሊገኝ ይችላልና ይህ ብቻውን አያስጥልም። የፊት አሞርዛተሩ ቱቦ ዝጎ ከተቦረቦረ ግን አዲስ ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚይዝ ጎማ) ቢገባ በአንድ ወር ይቀደዳል፤ ቱቦው ራሱ መተካት አለበት፣ ወይም ሞተሩ መተው አለበት።

ስለ ወረቀት ያስጠነቀቃችሁን በአጭሩ፦ ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ጋር አሐዝ በአሐዝ ይመሳከር። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ይታይ፣ ዕዳና እግድ አለመኖሩ ይጣራ። ከእጅ ወደ እጅ በውክልና ብቻ የተላለፈ ሞተር ስሙ ሳይዞር ክፍያ አይጠናቀቅ። ቦሎ አለው ማለት ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

ከበጀቱ አምስተኛውን እጅ ሳይነካ አስቀምጡ ያላችሁን የመለዋወጫ ሻጮች፣ ልክ ነበራችሁ። የሞተር ዘይት፣ ፊልትሮ፣ የፍሬን ዘይት፣ የፍሬን ሸራ፣ ባትሪና ጎማ ያለ ክርክር ወዲያው ይቀየራሉ። የሞተር ዘይቱን በተመለከተ ርካሹን የመኪና ዘይት ከእጃችን ነጥቃችሁ ማርካው ላይ «ጄ.ኤ.ኤስ.ኦ. ኤም.ኤ.» (የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ምልክት) የሚለውን ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን። የእነዚህ ሞተሮች ፍሪሲዮን በዚያው ዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚሠራ ስለሆነ ማለስለሻ የበዛበት የመኪና ዘይት ያንሸራትተዋል።

በመጨረሻ ለባጃጅ ሾፌሮችና ለብስክሌተኞች። እሑድ ማለዳ ወደ ቤዛዊት በሚወስደው ዳገት ላይ ማቆምና መነሳት፣ ዘንባባው ሥር በቀስታ መዞር፣ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ መያዝ ሲለማመዱ ለነበሩት ሁሉ ክላክስ ሳታሰሙ መንገድ ሰጥታችኋል። ክሩዘር ረጅም ስለሆነና ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያርፍ የኋላ ፍሬኑ ከሌሎች ሞተሮች የበለጠ ይረዳል፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን አሁንም የፊቱ ነው። ይህን እጅ እንደገና እስኪለምደው ድረስ ሳምንታት ይፈጃል፣ እናንተም ታግሣችኋል።

በየቤቱ ላላችሁ እናቶች፣ ባለቤቶችና ልጆች፣ ጠዋት በወጣን ቁጥር «ራስ መከላከያውን አድርጋችኋል?» ስላላችሁ እናመሰግናለን ማለት ያንሳል። ያገለገለ ሄልሜት ግን አንገዛም፤ ሞተሩ ሁለተኛ እጅ ቢሆንም እሱ አዲስ ነው።

የተዋስናቸው ሜትርና የካንዴላ ቁልፍ ተጠርገው ወደየባለቤቶቻቸው ተመልሰዋል። ባለቤቶቹም ሞተር ሊገዛ ለሚሄድ ሰው ለጠዋቱ እንደሚያውሱ ነግረውናል፤ የሚጠይቁት መልሶ ማምጣት ብቻ ነው።

ከምስጋና ጋር፣
ወደ ሞተር የተመለስነው የባሕር ዳር ነዋሪዎች