ያው ሽቦ፣ ያው ፓኬጅ፣ ሁለት ዋጋ

ለኬብል ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የኢንተርኔትና የቴሌቪዥን ሂሳቤ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

የቤቴን ኢንተርኔትና ቴሌቪዥን ከእናንተ መጠቀም ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። አንድም ወር ክፍያ አሳልፌ አላውቅም። ዛሬ የምጽፍላችሁ በጣም ስላዘንኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት የስልክ ኩባንያው መንገዳችንን ቆፍሮ ፋይበር፣ ማለትም ፈጣን የኢንተርኔት መስመር፣ ዘረጋ። ግን ከመንገዱ ማዶ ላሉት ቤቶች ብቻ ነው። እኛ ጋ ገና አልደረሰም። ሁለት ወር ሳይሞላ እናንተ ማዶ ላሉት ደንበኞቻችሁ ደብዳቤ ላካችሁ። ጎረቤቴ አሳየችኝ። ፓኬጁ እኔ የምጠቀመው ነው። ፍጥነቱም፣ ጣቢያዎቹም ያው ናቸው። ዋጋው ግን እኔ ከምከፍለው በወር 40 ዶላር ያንሳል፤ ለሁለት ዓመትም አይጨምርም። የእኔ ሂሳብ በዚያው ወር ጨመረ።

ደወልኩ። ያነሳችው ሠራተኛ በትህትና አስተናገደችኝ፤ በእሷ ቅሬታ የለኝም። «ይህ ቅናሽ ለእርስዎ አድራሻ አይሠራም» አለችኝ። ለምን? ሽቦው የሚመጣው ከአንድ ምሰሶ ነው። እኔንና ጎረቤቴን የሚለየን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ ከፈለገች ጥላችሁ መሄድ ትችላለች፣ እኔ አልችልም። ስድስት ዓመት ሳላጓድል የከፈልኩት እኔ ሆኜ ሳለ ውዱ ዋጋ ለእኔ መሆኑ ያንገበግባል።

አሜሪካ በ1996 የቴሌኮሙኒኬሽን ሕጓን ስታሻሽል አንዱ ሐሳብ የስልክና የኬብል ኩባንያዎች አንዱ በሌላው ገበያ ገብተው እንዲወዳደሩ ነበር። እውነትም ገቡ። የኬብል ኩባንያዎች የቤት ስልክ አገልግሎት መሸጥ ጀመሩ። የስልክ ኩባንያው ቬራይዞንም በ2005 ቴክሳስ ውስጥ ኬለር በምትባል ከተማ በፋይበር ቴሌቪዥን ማቅረብ ጀመረ። ውድድሩ ግን ቤት ለቤት የሚመጣ ነገር ሆነ። ፋይበሩ በደረሰበት በር ዋጋ ይወርዳል፤ ባልደረሰበት ያው እንደ ድሮው ነው።

ሌላም አለ። ባለፈው ዓመት የራሴን ሞደም ገዝቼ የእናንተን መልሻለሁ፤ ደረሰኙ እጄ ላይ ነው። እስካሁን ግን በየወሩ የሞደም ኪራይ ትቆርጣላችሁ። ያላከራያችሁትን ዕቃ ኪራይ ማስከፈል ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቴም «ይስተካከላል» ተብያለሁ።

የአፕሎዱም ነገር አለ። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2024 አንድ መስመር ብሮድባንድ ለመባል ዳውንሎዱ ቢያንስ 100፣ አፕሎዱ ቢያንስ 20 ሜጋ ቢት በሰከንድ መሆን አለበት ብሏል። የእኔ ዳውንሎድ ጥሩ ነው፤ እሱን አልክድም። አፕሎዱን ግን በተለያየ ሰዓት ስለካው 10 ሞልቶ አያውቅም። የኬብል መስመር ድሮ የተሠራው ቴሌቪዥን ወደ ቤት ለማምጣት ስለሆነ ለመላኪያው የተተወው ቦታ ጠባብ እንደሆነ ይገባኛል። ግን እኔ የምሠራው ከቤት ነው። ልጄ በቪዲዮ ስትማር የእኔ ስብሰባ ይቆራረጣል፤ አንዳችን ማቋረጥ አለብን። ብዙ ጊዜ የማቋርጠው እኔ ነኝ።

ስለዚህ ለጎረቤቴ የሰጣችሁት ዋጋ ለእኔም ይሰጠኝ። ሞደሙን ከመለስኩበት ቀን ጀምሮ የተቆረጠብኝ ኪራይ ይመለስልኝ። አፕሎዱንም ባለሙያ መጥቶ ይየው፤ ማሻሻል የማይቻል ከሆነም በጽሑፍ ንገሩኝ። የሁለት ዓመት ቢሎቼንና የሞደሙን መመለሻ ደረሰኝ አያይዣለሁ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካላገኘሁ አቤቱታዬን ለኮሚሽኑ አስገባለሁ። እዚያ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መመለስ ግዴታችሁ ነው። እኔ ግን መልሱን ከእናንተው፣ ያለ ሦስተኛ ወገን፣ ባገኘው እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የስድስት ዓመት ደንበኛችሁ