የእርዳታ መዝገቡን አብረን እንመርምር፦ ለጎንደር ልጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የጎንደር ልጆች፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ፤

ቀሃ ወይም አንገረብ ሞልቶ ጎርፍ ቤት ሲገባ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ የተጎጂዎች ስም ይመዘገባል። ዱቄቱም ብርድ ልብሱም የሚታደለው በዚያ ዝርዝር ነው። በዝርዝሩ ማን ቀድሞ ይገባል? ማንስ ይቀራል? እኛ የእድር አባላት፣ መምህራንና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ይህን ቆጥረን ለማወቅ ጥናት ጀምረናል። ለመጨረስ ግን አቅም አጥሮናል።

ጥያቄው ከኑሯችን የወጣ ነው። በክረምት ብዙ ወንዶች ለሰሊጥ አረም ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። ጎርፉ ሲመጣ ቤት ያለችው ሚስት ናት። መዝጋቢው የቤተሰቡን ኃላፊ መታወቂያ ከጠየቃት ምን ታሳያለች? መታወቂያው ከባሏ ጋር ቆላ ወርዷል። ጠላ ጠምቃ ልጆቿን የምታሳድግ ተከራይም አለች። ጋኗ ተሰብሮ፣ ብቅሏና ጌሾዋ ታጥቦ ሲሄድ፣ የጉዳት ቅጹ ስለ ግድግዳና ጣሪያ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ የሚመዘገበው አከራይዋ ነው። ይህ ሁሉ ከክፋት የሚመጣ አይመስለኝም፤ ብዙዎቹ የኮሚቴ አባላት እንቅልፍ አጥተው ያገለግላሉ። በሐሜት ልንወቅሳቸው አንፈልግም፤ በመረጃ ልናግዛቸው እንጂ።

በሌላው ዓለም ጉዳዩ ተጠንቷል። ኤሪክ ኒውማየርና ቶማስ ፕሉምፐር እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 2002 ያለውን የ141 አገሮች መረጃ መርምረው፣ የተፈጥሮ አደጋ ከወንዶች ይልቅ የሴቶችን ዕድሜ እንደሚያሳጥር፣ የሴቶች ኑሮና ማኅበራዊ ደረጃ በተሻለበት ግን ልዩነቱ እንደሚጠብ አሳይተዋል። በብራዚል ደግሞ ሴትና ወንድ ዕጩዎች በጥቂት ድምፅ የተሸናነፉባቸው ከተሞች ሲነጻጸሩ፣ ሴት ከንቲባ ባሸነፈችባቸው ዘንድ በኮቪድ የሞተው ሰው አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። የንጽጽሩ ብልኃት ይማርከኛል፤ ለጥቂት የተሸናነፉባቸው ከተሞች በሌላው ነገር ስለሚቀራረቡ፣ ልዩነቱን ከአመራሩ ጋር ማያያዝ ይቻላል።

እኛም እኩል ውኃ የገባባቸውን ጎረቤታሞች እናነጻጽራለን፤ አንዱን ቤት ወንድ፣ ሌላውን ሴት የሚያስተዳድሩት ሲሆን። ጎርፉ በጭቃ ግድግዳው ላይ የተወውን መስመር በሜትር እንለካለን፤ በስንተኛው ቀን እንደተመዘገቡ፣ ምን ያህል እንደደረሳቸው ከመዝገቡ እናያለን። ኮሚቴው ውስጥ ሴቶች መኖራቸው ለውጥ ያመጣ እንደሆነም እንመረምራለን። የማንም ስም አይወጣም፤ በቁጥር ይተካል። ልዩነት ባይገኝም ውጤቱን እንዳለ እናቀርባለን፤ ለኮሚቴዎቻችን የሚገባ ምስጋና ይሆናልና።

የጎደለን የመረጃ ሰብሳቢዎች አበል፣ የትራንስፖርት ወጪ፣ ወረቀትና ሁለት ታብሌቶች ናቸው። ከሰብሳቢዎቹ ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች እንዲሆኑ ወስነናል፤ አንዲት እናት ባሏ ፊት ለወንድ ጠያቂ የማትናገረው ብዙ ነገር አለና። ከ50 ብር ጀምሮ የምትችሉትን በየእድራችሁ ገንዘብ ያዥ በኩል፣ ደረሰኝ እየተቀበላችሁ ስጡን። በውጭ ያላችሁ በቤተሰቦቻችሁ እድር በኩል ላኩልን። ገንዘብ የሌላችሁ ታብሌት አውሱን፤ ጽሕፈት የምትችሉ ወጣቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር በማስገባት አግዙን።

የወጪው ሒሳብ በእድሮቹ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ይነበባል። የጥናቱንም ውጤት መጀመሪያ እዚያው እናሰማለን፤ ከዚያ ክረምት ሳይገባ ለቀበሌዎችና ለከተማ አስተዳደሩ በጽሑፍ እናስረክባለን።